ጀጎል ውስጥ አልጋ ፍለጋ

ሐረር ለመሄድ ስንወስን የአውሮፕላን ቲኬቱን በአንድ ምሽት ጨረስን። ማደሪያው ላይ ግን ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቅን። ባለቤቴ የምትፈልገው የታወቀ ነው፦ ሙቅ ውሃ፣ ነጭ አንሶላ፣ በደንብ የሚዘጋ የመታጠቢያ ቤት በር። እኔ ደግሞ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ሐረር መሆኔን የሚነግረኝ ክፍል ፈለግሁ። አዲስ አበባ ካለው የማይለይ ክፍል ውስጥ ለማደር ከሆነ ቦሌም አልጋ ሞልቷል።

ቡቲክ ሆቴል የሚባለው ነገር ሲያስቡት ቀላል ነው። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ መልክ አለው። ቤቱ ያለበትን ከተማ ይመስላል። ቤቱን የሚያስተዳድረው ሰውም በስምህ ይጠራሃል። እኛ አገር ግን ታፔላው ከነገሩ ቀድሞ ደረሰ። አልጋው ሥር ሰማያዊ መብራት የዘረጋ፣ ጣሪያው ላይ በጂፕሰም አበባ ያወጣ ሁሉ «ቡቲክ» ብሎ ይጽፋል። ዋጋውም ከታፔላው ጋር አብሮ ይሰቀላል።

በመጨረሻ ተስማማን። የመጀመሪያው ሌሊት እሷ በመረጠችው፣ የቀረው እኔ በምመርጠው። የእሷ ጀጎል ከሚባለው አሮጌው የሐረር ከተማ ግንብ ውጭ ያለ አዲስ ሆቴል ነው። የእኔ ገና አልታወቀም፤ ብቻ ጀጎል ውስጥ የሆነ የሐረሪ ቤት። ደርሼ፣ በዓይኔ አይቼ እመርጣለሁ አልኩ። «ሻንጣ ይዘን ቤት ለቤት ልንዞር ነው?» አለች። አዎ፣ ዞርን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 — ድሬዳዋ

ጃኬት ለብሰን ከአዲስ አበባ ወጣን፤ ድሬዳዋ ስንወርድ ጃኬቱ ሸክም ሆነ። አንድ ባጃጅ ሻንጣችንን ጭኖ በ250 ብር ከዚራ ሰፈር አወረደን። ሹፌሩ እኔንም ባለቤቴንም፣ መንገድ ላይ ያጋጠሙትን ሽማግሌም «አንተ»፣ «አንቺ» ነው የሚለው። ድሬ ላይ አንቱታ የለም ሲባል ሰምቼ ነበር። እውነት ነው። ደስ ይላል እንጂ አይከፋም።

ከዚራን በእግራችን ዞርን። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከተማዋም ጣቢያውን ተከትላ በቀለች። መንገዶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ግራና ቀኝ ትልልቅ ዛፍ አለ። ከዛፎቹ ጀርባ ሰፊ በረንዳና የእንጨት መዝጊያ ያላቸው አሮጌ ቤቶች ተደርድረዋል። አንዳንዶቹ ተቆልፈዋል፤ ቀለማቸው ተልጧል። ከእነሱ አንዱን አድሶ ስምንት ክፍል ያለው ማደሪያ የሚያደርገው ሰው ቢገኝ፣ እኔ ጭቅጭቅ ሳላነሳ እዚያው አድር ነበር። ያለው ሰው ግን ሲሠራ የምናየው ባለ ስድስት ፎቅ መስታወት ነው።

ምሳ ሩዝ በፍየል ሥጋ በላን፤ ከጎኑ ሙዝ ይቀርባል። ባለቤቴ ሙዙን ለማጣጣሚያ ለይታ አስቀመጠች። አሳላፊው አይቶ ሳቀና «ከሩዙ ጋር ነው የሚበላው አቦ!» አላት። ሞከረችው፤ ወደደችው። ከመጠጡ ጋር 720 ብር ከፈልን። አዲስ አበባ ለአንድ ሰው የሚወጣ ነው።

ከሰዓት በሚኒባስ ለሰው 100 ብር ከፍለን ወደ ሐረር ወጣን። ከደንገጎ ዳገት በኋላ አየሩ ተለወጠ፤ ጃኬቱ እንደገና ጥቅም አገኘ። ሐረር ከባሕር ወለል 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባቡሩ ሊወጣላት ያልቻለው በዚህ ተራራ ነው። ንግዱ ታች ድሬዳዋ ሲቀር ሐረር ተጎድታለች። ይሁንና ጀጎል ውስጥ ያሉት ቤቶች እስከዛሬ የቆሙት ያኔ የግንባታው ግርግር ታች ስለቀረ ይመስለኛል።

ሐረማያ ሐይቅ አጠገብ ስናልፍ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሐይቁ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት ያዩ ሰዎች ናቸው። አሁን ውሃ ተመልሶበታል። ሐረር ድሮ የምትጠጣው ከዚህ ሐይቅ ነበር። እሱ ሲደርቅ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ ተገፍቶ ዳገት መውጣት ጀመረ። ይህን የነገረን ከጎናችን የተቀመጠ አስተማሪ ነው። «ሐረር ላይ አልጋ ስትይዙ መጀመሪያ ስለ ሮቶው ጠይቁ» አለን። በጉዞው ሁሉ ከሰማሁት ምክር ይሄ ይበልጣል። ባለቤቴ ስልኳ ላይ ጻፈችው።

አወዳይ ላይ ጫት የጫኑ መኪኖች መንገዱን ዘግተው ግማሽ ሰዓት ቆምን።

ሐሙስ ማታ — ከግንቡ ውጭ

የባለቤቴ ምርጫ ሎቢ ውስጥ ስንገባ የወርቅ ቀለም የተቀቡ ወንበሮች ተቀበሉን። ግድግዳው ላይ የጀጎል በር በትልቁ ታትሞ ተለጥፏል። እውነተኛው በር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ከምስሉ ሥር የሐረር ስፌቶች አሉ፤ በሙጫ ተጣብቀዋል። አንዱ ወልቆ በስኮች ተይዟል።

ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ትሁት ናት። ግን በቴሌግራም የተላከልን ፎቶ ላይ ያለውን ክፍል አልሰጠችንም። ፎቶው ላይ በረንዳ አለ፤ መስኮቱ ትልቅ ነው። የተሰጠን ክፍል መስኮቱን ስንከፍተው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው፤ እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። «በረንዳ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ተይዟል» አለች። ታዲያ ለሁሉም ሰው የሚላከው የእሱ ፎቶ ነው? «ቆንጆው እሱ ነዋ» አለችኝ። ለዚህ ምን መልስ አለው?

ዋጋው በስልክ 3,800 ብር ነበር። ደረሰኙ ላይ 4,370 ሆነ። ቫት ነው። ሕጋዊ ነው፤ ክርክር የለውም። ግን ሰው ዋጋ ሲጠይቅ የመጨረሻውን ቁጥር ቢነገረው ምን ይጎዳል?

ፍርድ አላጓድልም፤ መታጠቢያ ቤቱ ጥሩ ነው። ቧንቧው ሲከፈት ውሃው ይዥጎደጎዳል፤ ይፈላል። ባለቤቴ ግማሽ ሰዓት ሻወር ውስጥ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ላይ «አላልኩህም?» የሚል ነገር ነበር። አንሶላውም ነጭ ነው፤ ይሸታል ብላ ብታገላብጠውም የሳሙና ሽታ ብቻ ነው ያገኘችው።

ከዚያ ታች ያለው ባር ሥራ ጀመረ። ክፍላችን ከዲጄው በላይ ሁለተኛ ፎቅ ነው። የአልጋው ራስጌ በባሱ ልክ ይንቀጠቀጣል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሪሴፕሽን ደወልኩ። «እሱማ ሰባት ሰዓት ያቆማል» ተባልኩ። ያቆመው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አልጋው ሥር ያለው ሰማያዊ መብራት ደግሞ ማጥፊያው አልተገኘም። ባለቤቴ ተነስታ ፎጣ ጎዘጎዘችበት።

ቁርሱ የትም ያለ ቁርስ ነው፦ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ማርማላታ፣ የቀዘቀዘ ፓስታ። ሐረር ተቀምጬ የሻይ ከረጢት ነክሬ ጠጣሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6 — ቤት ለቤት

በሸዋ በር ገባን። ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አሏት። ግንቧን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው ይባላል። ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከውስጥ መንገዱ እየጠበበ፣ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ባጃጅ የማይገባበት ቦታ ላይ ስንደርስ የሻንጣችን ጎማ ድንጋዩ መሃል እየተቀረቀረ አስቸገረን። አንድ ልጅ ጋሪ ይዞ መጣ። 100 ብር አለ። በደስታ።

በሩ ላይ አንድ ወጣት አስጎብኚ ተጠጋን። ጥሩ ጥሩ ቤት አሳያችኋለሁ አለ። ግማሽ ቀን በ600 ብር ተስማማን። መጀመሪያ የወሰደን የአጎቱ ቤት ነው። አጎቱ መሆኑን ያወቅነው ልጁ ገብቶ ፍሪጅ ከፍቶ ውሃ ሲጠጣ ነው።

የአጎት ዋናው ቤት ያምራል። ሐረሪዎች ጌ ጋር የሚሉት፣ መደብ መደብ ያለው፣ ግድግዳው በስፌትና በሳህን የተሞላ። «የምንተኛው እዚህ ነው?» አልኩ። አይደለም። የምንተኛው ጓሮ ነው። ጓሮ አዲስ የብሎኬት ክፍል ተሠርቷል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሴራሚክ ወለል፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር። ጌ ጋሩ ለዓይን፣ ብሎኬቱ ለመኝታ። 1,200 ብር። አመስግነን ወጣን። አስጎብኚያችን ትንሽ አኮረፈ።

ሁለተኛው ቤት ሌላ ዓይነት ነው። ሐረር በ1887 እ.ኤ.አ. በምኒልክ እጅ ከገባች በኋላ የሕንድ ነጋዴዎች መጥተው ባለ ፎቅ ቤቶች ሠርተዋል። መንገድ ላይ የሚያዩ የእንጨት በረንዳዎች አሏቸው። ያየነው ከእነሱ አንዱ ነው። ደረጃው ይጮሃል። በረንዳው የተፈለፈለ እንጨት ነው፤ ቀለሙ ድሮ አረንጓዴ ነበር መሰለኝ። ከላይ ሆነህ መንገዱን፣ ሰፊዎቹን፣ ብርቱካን ሻጮቹን ታያለህ። እኔ ልቤ ሄደ።

ባለቤቴ ወለሉን እያየች ነበር። በጣውላዎቹ መሃል ክፍተት አለ። ጎንበስ ብላ አየች። ታች ሱቅ ነው፤ ባለሱቁም ቀና ብሎ አያት። ሰላምታ ተለዋወጡ። መታጠቢያ ቤቱ የት ነው ስትል ታች፣ ግቢው ውስጥ፣ ከሦስት ቤተሰብ ጋር የጋራ መሆኑ ተነገራት። «ፎቶ እነሳበታለሁ» አለችኝ፤ «አልተኛበትም።» ተነሳች፤ ወረድን።

እዚህ ላይ በቤቶቹ ባለቤቶች ላይም መፍረድ አልችልም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች ወዲህ እንደልብ ማፍረስና መገንባት የለም። ለእያንዳንዱ ክፍል መታጠቢያ ቤት ልጨምር ብትል ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ፍሳሹ የሚሄድበትም ጠባብ ነው። ከግንቡ ውጭ ያለው ሆቴል በነፃ የሚያገኘው ነገር እዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል።

ሦስተኛው ቤት ስንደርስ የጁምዓ ሰላት ሰዓት ደርሶ ሱቆች መዘጋት ጀምረዋል። በሩ ከባድ እንጨት ነው። ሲከፈት የሚያስገባው ትንሽ ግቢ ውስጥ የሮማን ዛፍ አለ። የቤቱ እመቤት ስድሳ ዓመት የሚጠጋቸው ሴት ናቸው። «እማማ፣ ክፍል አለዎት?» አልኩ። ሳቁብኝ። «ከኔ ሌላ ስንት ሰው ታያለህ? አንቺ በለኝ!» ከዚያ በኋላ አንቺ አልኳት።

ጫማ አውልቀን ገባን። ወለሉና መደቦቹ በቀይ አፈር ተቀብተው ያብረቀርቃሉ። ቀዩ የጨለንቆ ጦርነትን ደም ለማስታወስ ነው ይላሉ። መደቡ አምስት ነው፤ ሐረሪዎች ነደባ ይሉታል። የቤቱ አባወራ የሚቀመጥበት ሌላ፣ ታላላቅ እንግዶች የሚቀመጡበት ሌላ፣ ከበሩ ጀርባ ያለው ሌላ። ማንም የትም ዘሎ አይቀመጥም። እኔ ዘልዬ የአባወራው ላይ ልቀመጥ ስል እማማ በእጇ ወደ ጎን አሳየችኝ። ፊት ለፊት ግድግዳው ውስጥ የተቀረጹ መደርደሪያዎች አሉ፤ አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ቁርዓን፣ የአበባ ሳህን፣ የቡና ዕቃ። ከመደርደሪያዎቹ በላይ ስፌቶቹ ተሰቅለዋል። አንዱን ጠጋ ብዬ አየሁት። ክሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ሐምራዊውና ቢጫው ተጠላልፎ መሃሉ ላይ ኮከብ ይሠራል። ጠርዙ ያረጀና በሌላ ቀለም የተጠገነ ነው። የትላንቱ ሆቴል ግድግዳ ላይ የተጣበቁት ትዝ አሉኝ።

ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ይሄ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ቤቱ ውስጥ መኖሯን የሚያሳይ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። ጠየቅኋት። «ልጄማ አግብታ ሁለት ወልዳለች። ወርዶ ማን ያጥበዋል?» አለች።

የእኛ ክፍል ፎቅ ላይ ነው። በጠባብ ደረጃ ይወጣል። ጣሪያው የእንጨት ርብራብ፣ ግድግዳው ነጭ ኖራ፣ አልጋው ዝቅ ያለ። ትንሿን መስኮት ስትከፍት የጀጎል ጣሪያና የመስጊድ ሚናራ ይታያል። ሌላ ጌጥ የለም፤ አያስፈልገውም። ባለቤቴ በቀጥታ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፈተች። ቧንቧው ተንፍሶ ዝም አለ።

«ሮቶ አለ?» አለች፤ የአስተማሪው ምክር። አለ። ግን ሮቶው ግቢ ውስጥ ታች ነው፤ ክፍሉ ላይ ነው፤ መሃል ላይ ያለው ፓምፕ ተበላሽቷል። እስኪሠራ ድረስ በጄሪካን ይወጣል። የሞቀ ውሃ ጠዋት ጠዋት በባልዲ። ባለቤቴ እኔን አየችኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ። እማማ ሁለታችንንም አየችን፤ 1,800 የነበረውን 1,500 አለች፤ ቁርስ ጨምሮ።

መጠጥ ይዞ መግባት የለም። በሩ አራት ሰዓት ይዘጋል። እሺ አልን።

ማታ ሁልበት መረቅ ቀረበልን። ሥጋው ውስጥ አብሽ አለበት፤ ከእንጀራ ጋር ሲበላ አፍ ላይ ይቀራል። ሙሉ ቤቱ እጣን እጣን ይሸታል። ባለቤቴ ዝም ብላ በላች፤ ከዚያ ጨምሩልኝ አለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7 — ጭልፊትና ጅብ

ንጋት ላይ አዛን ቀሰቀሰን። ጀጎል ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ፤ በየተራም በአንድ ላይም ይሰማሉ። የሚቀሰቅስ ነገር አልወድም የሚል ሰው ጀጎል ውስጥ አልጋ ሲይዝ ይህን ይወቅ። ግን ከባሩ ጋር አወዳድሬ ባለቤቴን ጠየቅኋት። «አዛኑ ያልቃል» ብላ ተገላብጣ ተኛች።

ቁርስ ፈጢራ ነበር፤ ውስጡ እንቁላል፣ ላዩ ማር። ከእሱ ጋር ቁጢ ጠጣን። የቡና ቅጠል ተቆልቶ ተፈልቶ የሚጠጣ ነው። ቡና ነው ብለህ ከጠበቅኸው ይገርምሃል፤ ሻይ ነው ብትልም ልክ አይደለም። እኔ ሁለት ስኒ ደገምኩ። ሙቅ ውሃው በባልዲ መጣ። ሐረር ላይ በጣሳ እየቀዳሁ ታጠብኩ። ልጅነቴን አስታወሰኝ ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ «ልጅነትህን ለብቻህ አስታውስ» አለችኝ።

ቀኑን ዞርን። የራምቦ ቤት ከሕንዶቹ ዘመን የቀረ ትልቅ የእንጨት ቤት ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1880ዎቹ ሐረር ውስጥ ይነግድ ነበር። እዚህ ቤት ውስጥ ስለመኖሩ ግን ያጠራጥራል። ለነገሩ ቤቱ ራሱ ይበቃል። ጣሪያው በቀለም የተሳለ ነው፤ መስኮቶቹ ባለቀለም መስታወት። ፀሐይ ሲገባ ወለሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ ይረጫል። ቆሜ ሳየው ስንት ክፍል ይወጣዋል ብዬ ማስላት ጀምሬ ነበር። ባለቤቴ ያዘችኝ፤ ሙዚየም ነው።

ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ታች በሚወስደው፣ በስፌት መኪና ድምፅ መኪና ግርግር በተባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎቹ በረድፍ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ የቀሚሷን ጠርዝ አሰፋች፤ 50 ብር፤ ሰፊው እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀች። ታች ሥጋ ተራ ደረስን። የግመል ሥጋ የሚሸጥበት ነው። ቀና ስንል ጣሪያው ላይ ጭልፊቶች ተደርድረዋል። እኔ ከጎን ሱቅ የገዛሁትን ሳንቡሳ ልበላ እጄን ወደ አፌ አነሳሁ። ሳንቡሳው የለም። ክንፍ ብቻ ጆሮዬን ነካኝ። ሥጋ ሻጮቹ ሁሉ በአንድነት ሳቁ። አንዱ «አቦ፣ የሱ ድርሻ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሌላ ገዝቼ ሱቁ ውስጥ ቆሜ በላሁ።

ማታ ጅብ ማብላት አየን። ለሁለታችን 300 ብር። ሰውየው በስም እየጠራ ያበላቸዋል። ባለቤቴ እንጨቱን ይዛ ሥጋ ሰጠች፤ እኔ ፎቶ አንሺ ሆንኩ። በግንቡ ሥር ለጅብ መግቢያ የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ማታ ማታ ገብተው ጀጎልን ያጸዳሉ። ወደ ቤት ስንመለስ ጠባቡ መንገድ ላይ አንዱ ከፊታችን ወጣ። ቆምን። እሱም ቆመ። ከዚያ ሥራ እንዳለበት ሰው አልፎን ሄደ። ባለቤቴ ክንዴ ላይ የተወችው የጥፍር ምልክት እስከ ሰኞ አልጠፋም።

በሩ ሊዘጋ ሲል ደረስን። መብራት ጠፍቷል፤ ግቢው ግን በሰው ተሞልቷል። የሠርግ እንግዶች ከድሬዳዋ መጥተው ማረፊያ አጥተዋል። እማማ ፋኖስ ይዛ ቀረበችን። ላይኛውን ክፍል ለሦስቱ አሮጊቶች ብትለቁልኝ፣ እናንተን ቅርጣት አስተኛችኋለሁ አለች። ደረጃውን መውጣት አይችሉም ይሆን ብዬ ነበር። ይችላሉ አሉ። ከእኔ ፈጥነው ወጡ።

ቅርጣት ዋናው ክፍል ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ድሮ አዲስ ሙሽሮች የመጀመሪያውን ሳምንት የሚቆዩባት ነች። ምግብ በትንሽ መስኮት ይቀበላሉ፤ አይወጡም። እንግዲህ እኛ ልጆች አድርሰን፣ ሻንጣችንን ታቅፈን እዚያ ገባን። ባለቤቴ ጨለማው ውስጥ «ሰው ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል» ብላ እየሳቀች ተኛች። ክፍሏ ሞቃት ናት። ግድግዳው ስለሚወፍር የእንግዶቹ ወሬ አይሰማም። በጉዞው ሁሉ ጥሩ እንቅልፍ የተኛነው እዚያ ነው። መታጠቢያ ቤቱም ግቢው ውስጥ፣ ከሮቶው ጎን ስለሆነ ቧንቧው እንደ ልብ ይወርዳል። ይህን አስቀድማ ብትነግረን ኖሮ ጄሪካኑ ሁሉ ባልተንገላታ።

እሑድ፣ ኅዳር 8 — መመለስ

ጠዋት ሒሳብ ጠየቅሁ። እማማ የሁለተኛውን ሌሊት ግማሽ ብቻ ተቀበለች፤ «ክፍላችሁን ወስጄባችኋለሁ» ብላ። ሙሉውን ልስጥሽ ብል አልሰማ አለች። የዓርቡን ራትና ቡናውን ደምረን በቴሌብር 3,000 ብር ላክን። በሁለት ሌሊት ማለት ነው። ከግንቡ ውጭ በአንድ ሌሊት ብቻ 4,370 ከፍለናል። ማወዳደሩ ግን ብር ብቻ አይደለም። እዚያ ሙቅ ውሃ ገዛን፤ ከእሱ ጋር ዲጄውን ሰጡን። እዚህ ደግሞ ቤት ገዛን፤ ከእሱ ጋር ጄሪካኑ መጣ። በእኔ ሚዛን ሁለተኛው ይሻላል። ወገቡን የሚያመው ሰው፣ ሕፃን የያዘ ሰው፣ ማታ ቢራ የሚወድ ሰው ግን ውጭ ይደር። አይቀየምብኝ።

ስንወጣ ባለቤቴ ከእማማ ጋር ግቢው ውስጥ ሮቶው ሥር ቆማ ረጅም ወሬ ይዛ ነበር። ምን እንደተነጋገሩ የገባኝ አዲስ አበባ ከተመለስን ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ለጥር እህቷንና ባሏን ልትልክ አስባለች፤ ላይኛውን ክፍል። 500 ብር ቀብድ በቴሌብር ልካለች። የላከችው ግን እማማ በቴሌግራም ቪዲዮ ከሰደደች በኋላ ነው። ቪዲዮው ሃያ ሰከንድ ነው። የላይኛው ክፍል ቧንቧ ይከፈታል፤ ውሃው ይወርዳል፤ ከካሜራው ጀርባ እማማ «አየሽ? አየሽ?» ትላለች። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አየችና «ሙቁንስ?» ብላ መልሳ ጻፈች።